ማዘያ ብለው ሸጡልኝ፣ ማቀፊያ አድርገው አሳዩኝ

ይህን የሕፃን ማዘያ ልሸጠው ፎቶግራፍ ሁሉ አንስቼ ነበር። ማስታወቂያውን ሳልለጥፍ ያደርኩት አማቴ በማግስቱ ከደብረ ብርሃን ስለሚመጡና ቤት ማሰናዳት ስለነበረብኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር አለፈ። ዛሬ የገዛሁበትን ሦስት እጥፍ የሚከፍል ሰው ቢመጣ አልሰጠውም። ስለዚህ ዕቃ የምጽፈው ተናድጄም ተደስቼም ነው፤ የተናደድኩት በሻጩ፣ የተደሰትኩት በዕቃው።

የገዛሁት ልጄ ሦስት ወር ሲሆናት፣ በ9,500 ብር ነው። ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ፣ ስፖንጅ የተሞሉ ሁለት ማንገቻዎችና የፕላስቲክ ዘለበቶች አሉት፤ እስከ 20 ኪሎ ይሸከማል ይላል መመሪያው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። የሕፃን ጋሪ በስጦታ አግኝተን ነበር። ጋሪ በአንድ እጅ፣ ልጅ በሌላው እጅ ይዞ ያን ደረጃ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረችው ታውቀዋለች። ታች ከተደረሰም በኋላ የእግረኛው መንገድ ግማሹ የተቆፈረ ነው። ስለዚህ ማዘያ መግዛቴ ትክክል ነበር፤ በዚህ አልከራከርም።

ሻጩ ግን ያሳየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አሻንጉሊት ደረቴ ላይ አስሮ መስታወት ፊት አቆመኝና «የልብሽን ትርታ እየሰማች ትተኛለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተኝታለች። እኔ ግን የወለድኩት በቀዶ ሕክምና ነው፤ የወገቡ ቀበቶ የሚያርፈው ልክ ስፌቱ ላይ ነበር። ከፍ ሳደርገው ሆዴን ይጨቁነኛል፣ ዝቅ ሳደርገው ጠባሳውን ይቆጠቁጠኛል። ደረጃ ስወርድ እግሬን ስለማላየው በጫማዬ ጫፍ እየዳበስኩ ነበር የምወርደው። ሽንኩርት ልክተፍ ብል እጇ ከቢላዋው ጋር ይደርሳል። ስድስት ወር አልፏት ስትከብድ ደግሞ ማታ ማታ ጎኔን ለውጬ መተኛት እስኪያቅተኝ ድረስ ወገቤን ያመኝ ጀመር። ሁሉንም የእናትነት ድካም መስሎኝ ዝም ብዬ ቻልኩት። አራት ወር ሙሉ!

መመሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ ልጅን ጀርባ ላይ ስለማድረግ አራት ትንንሽ ሥዕሎች ነበሩ። ይህ ከስድስት ወር በኋላ፣ ሕፃኑ ራሱን ችሎ መቀመጥ ሲጀምር ብቻ ነው የሚል ማሳሰቢያም አለበት፤ ማሳሰቢያው ተገቢ ነው፣ አንገትና ወገቡ ያልጠና ልጅ ከዓይን ርቆ ጀርባ ላይ መዋል የለበትም። ሥዕሎቹ ግን ምንም አያስተምሩም። በመጀመሪያው ሴትየዋ ልጁን ጎኗ ላይ ይዛዋለች፤ በሁለተኛው ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው። እንዴት እንደተሻገረ የሚናገር የለም። አንድ ቀን ብቻዬን ሞክሬ ልጄ ብብቴ ሥር ተወትፋ ጮኸች። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አውርጄ አቀፍኳትና ሁለታችንም አለቀስን። ለሽያጭ ፎቶግራፍ ያነሣሁት የዚያን ዕለት ማታ ነው።

አማቴ ስድስት ልጆች ያሳደጉት በቆዳ አንቀልባ ነው። ባለቤቴ የታዘለበት አንቀልባ እስከ ዛሬ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቆዳው ከመለፋቱ ብዛት ጨርቅ መስሏል፣ ዳር ዳሩን ዛጎል ተሰፍቶበታል። ልጄን ደረቴ ላይ አስሬ በር ስከፍትላቸው ማንገቻውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ምን እንደሚባል ጠየቁኝ።

«ማዘያ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን አታዝያትም? አቅፈሻት እኮ ነው።»

ይህ ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልጠፋም። በአማርኛ ማዘል ጀርባ ላይ ነው። ደረት ላይ ያለች ልጅ ታቀፈች ይባላል፣ ታዘለች አይባልም። ሻጩ ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ያም ሆኖ «ማዘያ» የሚል ዕቃ ሲሸጥልኝ ማዘልን አላሳየኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ይህን ጽሑፍ ካነበብክ ወንድሜ፣ ለሚቀጥለዋ እናት ልጇ ስንት ወሯ እንደሆነ ጠይቃት። የወለደችው በምን እንደሆነ ጠይቃት። መቀመጥ ሲጀምር ተመልሰሽ ነይ፣ ጀርባሽ ላይ እንዴት እንደምታደርጊው አሳይሻለሁ በላት። ይህ ሩብ ሰዓት አይፈጅብህም።

ትምህርቱ ሦስት ቀን ፈጀ። አማቴ መጀመሪያ ያሉኝ «ጎንበስ በይ» ነው። ሥዕሉ ላይ የጠፋው ይኸው ነበር። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ ልጅ ወደ ኋላ ለማሻገር ስታገል ነበር፤ የቆመ ጀርባ ገደል ነው፣ የጎነበሰ ጀርባ አልጋ ነው። ከአልጋው አጠገብ ቆምኩ፤ ቀበቶውን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ ጨርቁ ከኋላዬ ተንጠለጠለ። ልጄን ቀኝ ጎኔ ላይ አድርጌ፣ በብብቴ ሥር ወደ ኋላ እያንሸራተትኩ ጎነበስኩ፤ በሆዷ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈች። አንዱ እጅ ከመቀመጫዋ ላይ አይነሣም። በሌላው ጨርቁን ከታች ወደ ላይ እስከ ትከሻዋ መሳብ ነው። ከዚያ አንዱን ማንገቻ ማጥለቅ፣ እጅ መቀየር፣ ሌላውን ማጥለቅ። ሁለቱም ገብተው ሳይጠብቁ ቀና ማለት የለም። አማቴ ከኋላዬ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ አልነኩንም። «እሑድ እሄዳለሁ፤ ብቻሽን ነው የምታዝያት» እያሉ።

በመጀመሪያው ቀን ተሳካልኝ ብዬ ቀና ስል ልጄ ማልቀስ ጀመረች። አማቴ ዞር ብለው አዩና «ምን ትይ? የሚታያት ጀርባሽ ብቻ ነው» አሉ። ቀበቶውን ያሰርኩት ደረቴ ላይ ስይዛት እንደለመድኩት ዳሌዬ ላይ ነበር፤ ጭንቅላቷ ከትከሻዬ በታች ቀርቷል። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ በእናቱ ትከሻ ላይ ዓለምን ያያል። በማግስቱ ቀበቶውን ከጎድን አጥንቴ ሥር አሰርኩት። ቀና ስል አገጯ ትከሻዬ ላይ ደረሰ፤ ትንፋሿ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከሰባት ወር በኋላ ሁለታችንም አንድ ነገር ስናይ የመጀመሪያችን ነበር። መስኮቱ ላይ ርግብ ነበረች፤ እሷም እጇን በትከሻዬ በኩል ዘረጋች፣ እኔም አየኋት።

ሌላው ያስተማሩኝ እግሯን ነው። ሁለት እጄን ወደ ኋላ ልኬ ጉልበቶቿን ወደ ላይ ሳብ ማድረግ፣ ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት እጥፋት እስከ ሌላው እንዲደርስ። ጉልበት ከመቀመጫ ከፍ ብሎ፣ እግር ግራና ቀኝ ተከፍቶ የእናትን ወገብ ማቀፍ አለበት። ሐኪሞችም ለዳሌ መገጣጠሚያ የሚመክሩት ይህንኑ አቀማመጥ ነው፤ በእንግሊዝኛው ኤም ፊደል ይመስሉታል። አማቴ ፊደሉን አያውቁትም፤ እግሯ ሲንጠለጠል ግን ከወጥ ቤት ሆነው ይጠሩኝ ነበር። አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተስማማንም። እሳቸው ብርድና ዓይን እንዳያገኛት ነጠላ ጭንቅላቷ ላይ ጣል ማድረግ ይፈልጋሉ፤ እኔ አፍንጫዋና አፏ እንዲሸፈን አልፈቅድም። በኮፍያ ተስማማን።

በየሱቁ ይህን ዕቃ «የፈረንጅ ፈጠራ» እያሉ ሲያወድሱት እሰማለሁ። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሰላም ጓድ፣ ከአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ጋር ቶጎ ሄዳ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሥራቸውን ሲሠሩ አየች። አገሯ ተመልሳ ስትወልድ ልጇን በረጅም ጨርቅ ልታዝል ሞክራ እየተንሸራተተችባት ተቸገረች፤ እናቷ ሰፉላት። በ1969 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘው ስናግሊ የተባለው ማዘያ የመጣው ከዚያ ነው። ታሪኩን ሳነብ ብብቴ ሥር የጮኸችውን ልጄን አስታወስኩ። አን ሙርም አቅቷት ነበር፤ የደረሱላትም እናቷ ናቸው። የአፍሪካ እናቶች ጀርባ ዓለምን ዞሮ፣ ዘለበት ተጨምሮበት ሲመለስልን፣ ጎንበስ ማለቱን የሚያሳይ ሰው አብሮ አለመምጣቱ ያሳዝነኛል።

አሁን ልጄ አንድ ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ አሥር ኪሎ ተኩል ትመዝናለች። ትራመዳለች፣ ሲደክማት ግን ማዘያውን በማንገቻው እየጎተተች ታመጣልኛለች። አዝያት ደረጃውን እግሬን እያየሁ እወርዳለሁ። ልብስ አሰጣለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ፣ እሹሩሩ ሳልል ትተኛለች። አማቴ አዝለው እንጀራ ይጋግሩ ነበር፤ እኔ ምጣድም ሆነ የፈላ ዘይት አጠገብ አዝያት አልቆምም።

ጉድለት የለውም አልልም። ቀበቶው ከፍ ሲል ክብደቱ ከዳሌ ወደ ትከሻ ይመጣል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ትከሻዬ ይዝላል። ስፖንጁ ወፍራም ስለሆነ በፀሐይ ጀርባዬም ደረቷም በላብ ይርሳል፤ በክረምት ታጥቦ ሁለት ቀን ሙሉ አይደርቅም። ታክሲ ለመሳፈር መፍታት ግድ ነው፤ ተሳፋሪ በተሰለፈበት መንገድ ዳር ጎንበስ ብዬ ልጅ ሳወርድ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዷ እናት ደግሞ ሳልጠይቃት ከኋላዬ እጇን ትዘረጋልኛለች።

አማቴ ሊሄዱ ሲሉ ዘለበቱን ይዘው አገላብጠው አዩት። «ጠፍር ሲያረጅ ይታያል» አሉኝ፤ «ይህ ፕላስቲክ ግን ሳይናገር ነው የሚሰበረው። ሁልጊዜ ጎትተሽ እዪው።» እስካሁን አልተሰበረም፤ አልተሰነጠቀም። ዛሬም ልጄን አዝዬ ከቤት ስወጣ ሁሉንም ዘለበት ሁለት ሁለት ጊዜ ሳልጎትት የመጀመሪያውን ደረጃ አልረግጥም።