ተደራራቢ አፈሙዝ ወይስ ከፊል አውቶማቲክ?
አሜሪካ ውስጥ ለወፍ አደንም ወደ አየር ለሚወረወር የሸክላ ዒላማም የሚሆን አንድ ሾትገን (ብዙ ትናንሽ ፍንጣሪ በአንዴ የሚተኩስ ጠመንጃ) ለሚፈልግ ሰው፣ ቤሬታ 686 እና ሬሚንግተን 1100 ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው።

686 ሁለት አፈሙዝ አለው፤ አንዱ በአንዱ ላይ። ሲከፈት ባዶ መሆኑን አጠገባችሁ ያለው ሰው ሁሉ ያያል። ለእያንዳንዱ አፈሙዝ የተለያየ ቾክ (የፍንጣሪውን ስርጭት የሚወስን የአፈሙዝ ጫፍ ማጥበቢያ) መግጠም ይቻላል፤ አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ለሩቅ። ቀለሁንም በእጅ መቀበል ነው። ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ከፊል አውቶማቲኩ 1100 ከተኩሱ በሚወጣ ጋዝ ስለሚሠራ ትከሻ ላይ ይለሰልሳል። መቶ ሸክላ ስትተኩሱ ልዩነቱ ይገባችኋል! ታዲያ ጽዳት ይፈልጋል፤ ቀለሁንም ጎን የቆመው ሰው ላይ ይወረውራል። ሦስተኛዋ ጥይት ለዳክዬ ትጠቅማለች (ሕጉም ከዚያ በላይ አይፈቅድም)፤ ስኪት በሚባለው የሸክላ ተኩስ ላይ ግን ሁለት ይበቃል።

እኔ ሸክላው ስለሚበዛብኝ 686ን እመርጣለሁ።