የሐረር ሰንጋ ቁርጥ፦ የምንከፍለው ለዘሩ ነው ወይስ ለቀለቡ?

«የሐረር ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች አይጠፋም፤ የሚያጠራጥረው መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» መሆኑ ነው። የሐረር ሰንጋ ተብሎ የሚሸጠው ሥጋ በኪሎ የሚጨመርበት ዋጋ የሚገባው መሆን አለመሆኑን ለመመዘን፣ በሁለት ተከታታይ የፍስክ እሑዶች ከሁለት ሥጋ ቤቶች ዳቢትና ሽንጥ ገዝቼ ግማሹን በጥሬው፣ ግማሹን ጠብሼ ቀምሻለሁ። አንደኛቸው ስለሚወቀስ የሁለቱንም ስም አልጠራም።

ብዙ ሰው የሐረር ሥጋ የሚጣፍጠው በዘሩ ይመስለዋል። የሐረር የሚባል ሻኛ ያለው የከብት ዘር መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ የሐረርጌ ደገኛ ገበሬ የሚቀልበው በሬ ብዙ ጊዜ ከቆላ ገበያ የተገዛ ነው። መሬቱ ጠባብ በመሆኑ ከብቱን ለግጦሽ ከማሰማራት ይልቅ፣ በሬውን ካረሰበት በኋላ ደጁ ላይ አስሮ ይቀልበዋል። ማሽላውንና በቆሎውን ሆን ብሎ አጠጋግቶ ይዘራና፣ ቡቃያው ከፍ ሲል ሲያሳሳ የነቀለውን፣ ቀጥሎም ከቆመው አገዳ የገነጠለውን ቅጠል፣ ሲያገኝም የስኳር ድንች ሐረግ እየጨመረ፣ ጥቂት በጥቂት በእጁ ያጎርሰዋል። ለወራት የሚዘልቅና የቤተሰቡን ሁሉ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እንዲህ በትዕግሥት የጎረሰ ልጅ በሰፈሬ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እንግዲህ ጭማሪው የሚከፈለው ከዘሩ ይልቅ ለዚህ ድካም ነው።

በመጀመሪያው ሥጋ ቤት ድካሙ ታይቷል። ጮማው ወደ ቢጫ ያደላ ነበር፤ ይህ ቀለም ለምለም ቅጠል በብዛት ከበላ ከብት የሚጠበቅ ነው። ቀዩ ሥጋ ጠቆር ያለና ውሃ የማያንጠባጥብ ሲሆን፣ የዳቢቱ ጮማ ላንቃ ላይ ሳይለጠፍ ሟሙቶ ያልቃል፣ ጣዕሙም አዋዜው ካለፈ በኋላ ይቆያል። እንደ ጃፓኑ ዋግዩ ስቡ በቀዩ ውስጥ በቀጭን መስመር ተበትኖ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን ያዝናል፤ ሻኛ ያላቸው ዘሮች ስባቸውን በአብዛኛው የሚያከማቹት በቆዳ ሥርና በጡንቻዎች መካከል ነውና። ለቁርጥ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ቢላዋ የያዘው በላተኛ ራሱ ጮማውንና ቀዩን በየጉርሻው ያመዛዝናል።

ሁለተኛው ሥጋ ቤት ሌላ ነገር ነው የሸጠልኝ። ጮማው ወፍራምና ነጭ፣ ቀዩ የገረጣ ሲሆን፣ ገና ትሪው ላይ ሳለ ውሃ ተፋ። ከየትኛው ገበያ እንደመጣ ብጠይቅ «ከሐረር አልንህ እኮ» የሚል ቁጣ ብቻ አተረፍኩ። እንደ ግምቴ በፋጉሎና በፉርሽካ በአጭር ጊዜ የደለበ በሬ ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ አዳማ አካባቢ ያሉ ማደለቢያዎች ያልተኮላሹ የቦረና ወይፈኖችን ለሦስት ወር ያህል እየቀለቡ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዲላኩ ያዘጋጃሉ፤ ቦረናም የኬንያ ከብት አርቢዎች ለሥጋ ብለው ሲያሻሽሉት የኖሩት የተከበረ ዘር ነው። ነውሩ በሐረር ስም የሐረርን ዋጋ ማስከፈሉ ነው።

ጥብሱ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ሥጋ ቤት ሽንጥ በጥሬው ያን ያህል ጥሩ ሆኖ ሳለ መጥበሻ ላይ ጠነከረብኝ፤ ሲያርስ የኖረ በሬ ጅማቱ ስለሚበረታ፣ ፈጣን እሳት ያደርቀዋል እንጂ አያለሰልሰውም። የሁለተኛው የገረጣ ሥጋ በጥብስ የተሻለ ለስልሷል።

ጥሬ ለሚበላ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ የቀለቡ ጥራት ስለ ኮሶ ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ በተሰቀለው ሥጋ ላይ የቄራውን ማኅተም ሳላይ አልገዛም። የመጀመሪያውን ሥጋ ቤት ዳቢት ለቁርጥ፣ በተጠየቅሁት ዋጋ፣ ደግሜ እገዛለሁ። ለጥብስ ግን የቦረና ወይፈን ነው ብሎ በግልጽ የሚሸጥልኝ ባገኝ፣ ጭማሪውን ኪሴ ውስጥ አስቀርቼ ወደዚያ እሄዳለሁ።