ጅማ ውስጥ ላፕቶፕ ይዛችሁ ለምትንከራተቱ፦ ይህን ልጅ ፈልጉት

ሰላም የጅማ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው ላፕቶፔን ላስተካከለልኝ አንድ ልጅ ምስጋና ነው። ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይንገላታም ብዬ ነው።

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የመመረቂያ ጽሁፍ፣ በቁቤም በፊደልም እንጽፋለን። ግንቦትና ሰኔ ለኛ እንደ ገበሬው መኸር ናቸው። ተመራቂው ሁሉ “ለነገ ይድረስልኝ” እያለ ይመጣል። ላፕቶፔ ያበደው እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው።

ፊደል ስነካ ፊደል አይጽፍም። የራሱን ሥራ ይሠራል። “ዲ”ን ስነካ የከፈትኩት ሁሉ ድብቅ ይልና ባዶው ስክሪን ይመጣል። “ኢ”ን ስነካ የፋይሎቹ መስኮት ይከፈታል። “ኤል”ን ስነካ ኮምፒውተሩ ጥርቅም ብሎ ይቆለፋል። በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ “ለ”ን የምንጽፈው ደግሞ በዚያችው ቁልፍ ነው። ማመልከቻ የሚጀምረው በ“ለ” መሆኑን ታውቃላችሁ። ለእገሌ መሥሪያ ቤት ብዬ ልጀምር ስል ተቆለፈ። ከፍቼ እንደገና ስሞክር ተቆለፈ። ደንበኛው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ያያል። ደግሞ አንዳንዴ ምንም እንዳልሆነ ሰው ደህና ይሠራል፤ እፎይ ስል መልሶ ይጀምረዋል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ሰውዬው በቅጡ ሳያየው “ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረጋል” አለኝ። “ውስጡ ያለው የሰው ፋይል ነው፣ አደራ” አልኩት። “እሺ እሺ” አለ። ስረከበው የሰው ፋይል የለም። ፓወር ግዕዙም የለም። የአንዲት ተማሪ ሙሉ ምዕራፍ አብሮ ሄዷል፤ ፍላሿ ላይ ባይገኝላት ኖሮ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ? ብሩን ግን ቆጥሮ ተቀበለኝ። ቤቴ ገብቼ “ለ”ን ስነካ፣ ተቆለፈ።

ሌላኛው ደግሞ የባሰ ነው። “ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል” ብሎ ቀብድ ተቀበለኝ። ከዚያ ነገ ነይ፣ ነገ ነይ። ስልክ አያነሳም። ተጣልቼ ነው ላፕቶፔን ያስመለስኩት፤ ከሥሩ ብሎን ጎድሎታል። ቀብዱን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ሠርቶ የሚበላ ሰው ላይ እንዲህ መጫወት ምን ይባላል?

ሻይ ቤት ያላት ጎረቤቴ ናት “ሄርማታ መርካቶ አካባቢ አንድ ልጅ አለ፣ እስቲ ለሱ አሳዪው” ያለችኝ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። እየከፋኝ ሄድኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ሰው አይበቃም። ልጁ ፊቴን አየና “አብሽሪ ማዘር፣ ቁጭ በይ” አለኝ። ላፕቶፑን አልነጠቀኝም። መፍቻም አላነሳም። ወንበሩን ለቀቀልኝና “እንደ ሥራ ቦታሽ ሆነሽ ጻፊ፣ እኔ ልይ” አለኝ። ከኋላዬ ቆሞ ዝም ብሎ አየ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እስቲ ጻፊና ልይ ያለኝ ሰው አልነበረም!

ከዚያ አንድ ነገር ከፈተ። ስክሪኑ ላይ የኪቦርድ ስዕል መጣ። “አሁን እጅሽን አንሺ” አለኝ። አነሳሁ። ሁለታችንም አልነካነውም። ስዕሉ ላይ ግን አንዷ ቁልፍ፣ ከታች በግራ በኩል የዊንዶውስ ምልክት ያለባት፣ ከሌሎቹ ተለይታ በርታለች። “አየሽ ማዘር? ማንም ሳይነካት ተነክቻለሁ እያለች ነው። እሷ ተይዛ ‘ኤል’ ሲነካ ቆልፍ ማለት ነው። ‘ዲ’ ሲነካ ሁሉን ደብቅ ማለት ነው። ኮምፒውተርሽ ደህና ነው፣ የታዘዘውን ነው የሚሠራው።” እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው።

እኔ ጽሕፈት የተማርኩት በታይፕ ዘመን ነው። አንዷ ፊደል ከተጣበቀች በዓይንሽ ታያታለሽ፣ በጣትሽ ታላቅቂያታለሽ። ልጆቼን ያሳደግኩት በነዚህ ጣቶች ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ ተምሬያለሁ፤ ይሄኛው ብቻ የት እንዳለ አላሳይ ብሎኝ ነበር። ልጁ አሳየኝ።

ቁልፏን በቀጭን ነገር ነቅሎ ሥሯን በብሩሽና በስፒሪት ጠረገ። ለጊዜው ተሻላት፣ ግን መልሳ በራች። ያኔ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ያቺ ቁልፍ ጭራሽ እንዳትታዘዝ አደረጋት። እንዴት እንዳደረገው አትጠይቁኝ። ብቻ “ለ” ብዬ ጻፍኩ፣ “ለ” ወጣ።

እውነቱንም አልደበቀኝም። “ኪቦርዱ ደክሟል፣ ቆይቶ ሌላ ቁልፍም ሊያስቸግርሽ ይችላል። አሁን ሥራሽ ላይ ነሽ፤ ክረምት ሲገባ ረጋ ብለን እንቀይረዋለን” አለኝ። ይህ አልበቃ ብሎት ከጠረጴዛው ሥር በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድ አወጣና “ድንገት ካስቸገረሽ በዚህ ጻፊ፣ ምረቃ ሲያልፍ ትመልሽልኛለሽ” ብሎ ሰጠኝ። መያዣ አልጠየቀም። ስልኬን እንኳ አልጻፈም። የተቀበለኝ ገንዘብ ከዚያ ፎርማት ከተባለው ያነሰ ነው። ልጨምርለት ብል በጄ አላለም።

የሰኔውን ሥራ ሁሉ አደረስኩ። ሳይደርስለት የቀረ አንድ ተማሪ የለም። ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ያሰብከው ይሙላልህ። ወላጆችህ ይባረኩ።

እናንተም ላፕቶፕ ሲያስቸግራችሁ እባካችሁ ለፎርማት አትቸኩሉ። መጀመሪያ እሱ ይየው። አንዳንዴ ዕቃው ሳይበላሽ ነው እንዲህ የሚሆነው ብሎኛል፤ ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ ስትነኩ አንድ ጥያቄ ይመጣል፣ ሳታስቡት እሺ ካላችሁት ቁልፎቹ ተይዘው የቀሩ ያህል ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን በነጻ ነው የሚያስተካክለው። ደግሜ እላለሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እሱ ይየው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን እጠቁማችኋለሁ። አርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ስለሚዘጋ ከዚያ በኋላ ሂዱ። ቻርጀራችሁን ያዙ፤ ጅማ ላይ ዓይነቱ ሁሉ ቶሎ አይገኝም።