ኳሴን ከመብሳታቸው በፊት ስወረውር ላዩኝ ሰው ምስጋና

በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያና በስፕሪንግፊልድ አካባቢ ቦውሊንግ የምትጫወቱ ወገኖቼ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። በተለይ የራሳችሁን ኳስ ለመግዛት ለምታስቡ።

ባለፈው ዓመት 15 ፓውንድ የምትመዝን ኳስ ገዛሁ። ዋጋዋ ቀላል አልነበረም። የጣት ቀዳዳዎቿን የበሳልኝ ሰው መዳፌን ለካ፣ ጣቶቼን ለካ፣ አለቀ። እንዴት እንደምወረውር አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ፍዳዬን አየሁ። ኳሷ ገና መሃል መንገድ ላይ መታጠፍ ትጀምራለች፤ ፒኖቹ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ አልቋል። ዳር ያለችው 10 ቁጥር ፒን ቆማ ትቀራለች። አውራ ጣቴም እያበጠ አስቸገረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አወራወሬን ስቀይር ከረምኩ።

በመጨረሻ የሊግ ጓደኛዬ ኳስ ወደሚሸጡና ወደሚበሱ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ወሰደኝ። አሜሪካዊ ናቸው፤ እኛ ግን በመካከላችን ጋሼ እንላቸዋለን። አዲስ ኳስ ልግዛ ስላቸው "አያስፈልግህም" አሉኝ። ሻጭ ሆነው ይህን ማለታቸው ገረመኝ። መሰርሰሪያውን ሳይነኩ በፊት "ጫማህን አድርግና ወርውር" አሉ።

ከሃያ ጊዜ በላይ ወረወርኩ። እሳቸው ፍጥነቴን እና ኳሷ ላይ የሚቀረውን የዘይት ቀለበት ያያሉ (ሌኑ፣ ማለትም የምንወረውርበት መንገድ፣ ዘይት ይቀባል)። ከመጀመሪያው ቀለበት ተነስተው ፓፕ የሚባለውን ነጥብ አገኙ። ኳሷ ከእጅ ስትወጣ የምትሽከረከርበት ዘንግ ጫፍ ነው። የእኔ ከመያዣው (ከጣት ቀዳዳዎቹ) መሃል 5 ኢንች ወደ ቀኝ፣ ግማሽ ኢንች ወደ ላይ ሆነ። የእናንተ ሌላ ይሆናል፤ የጓደኛን አበሳስ መኮረጅ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከዚያ የገባኝን ልንገራችሁ። ኳሷ ላይ ፒን የምትባል ትንሽ ባለቀለም ነጥብ አለች (ከሚወድቁት ፒኖች ጋር አታምታቷት)። ውስጥ ያለው ኮር (የኳሷ እምብርት) ወዴት እንደቆመ ታሳያለች። ከፒኗ እስከ ፓፕ ያለው ርቀት 3⅜ ኢንች አካባቢ ሲሆን ኳሷ በየዙሩ አዲስ ቆዳዋን ለሌኑ ታቀርባለች፤ በደንብ ትይዛለች። ወደ ዜሮ ወይም ወደ 6¾ በተጠጋ ቁጥር ይህ ይቀንሳል። የእኔ የድሮው 3½ ነበር። ፍጥነቴ ዝግ ያለ፣ እጄ ግን ብዙ የሚያሽከረክር ስለሆነ፣ ቶሎ ለምትታጠፍ ኳስ ይበልጥ ቶሎ የሚያጥፍ አበሳስ ተሰጣት ማለት ነው።

ከፒኗ ወደ ፓፕ ከሚሄደው መስመር የሚለኩ ሁለት ማዕዘኖችም አሉ። የመጀመሪያው ሲተልቅ ኳሷ መታጠፍ ትዘገያለች፤ ሲያንስ ትቸኩላለች። ሁለተኛው ሲያንስ ስትታጠፍ በፍጥነት ትዞራለች፤ ሲተልቅ ዞሯ ለስለስ ይላል። ይህን ባለሁለት ማዕዘን አሠራር ያወጣው በ2021 ያረፈው የኮር ነዳፊው ሞ ፒኔል ነው። ጋሼ ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ደፍነው፣ እስኪደርቅ አቆይተው፣ በ70 ዲግሪ (የመጀመሪያው ማዕዘን)፣ በ5 ኢንች (ከፒኗ እስከ ፓፕ)፣ በ40 ዲግሪ (ሁለተኛው ማዕዘን) እንደ አዲስ በሱልኝ። ፒኗ አሁን ከቀለበት ጣቴ ቀዳዳ በላይ ናት። በጣቶቼና በአውራ ጣቴ መካከል ያለውን ርቀትም አሳጠሩት፤ ለካ እጄ ተለጥጦ ኳሷን እየጨበጥኩ ነበር የምወረውረው። የአውራ ጣቱን ቀዳዳ ጠርዝ በእጃቸው ሲያለሰልሱት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አስገቡ፣ አውጡ፣ እንደገና ይፍቃሉ። ያን ትዕግስት አልረሳውም።

የነገሩኝን እውነትም ልጨምር። ከአበሳሱ ይልቅ የኳሷ ቆዳ ይበልጣል አሉኝ። ሻካራ ስለነበረች በ3000 ቁጥር ማለስለሻ አሹልኝ። ከኦገስት 1 ቀን 2020 ጀምሮ በዩኤስቢሲ (የአሜሪካ ቦውሊንግ የበላይ አካል) ሕግ ለማመጣጠን ተብሎ ተጨማሪ ቀዳዳ መብሳት ተከልክሏል። ስለዚህ የመጀመሪያው አበሳስ ከተበላሸ እንደ ድሮው በአንድ ቀዳዳ ማስተካከል የለም።

አሁን ኳሷ ዘይቱን አልፋ ትሄድና ደረቁ ላይ ስትደርስ ትዞራለች። ስትመታ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው። አማካይ ውጤቴ ከ158 ወደ 174 ወጥቷል። ጣቴ አያብጥም። ጋሼ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ እጅዎን ይባርክልኝ።

ስማቸውንና አድራሻቸውን ሳላስፈቅዳቸው እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ቀጠሮ ያዙ። ጫማችሁንና የድሮ ኳሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብትችሉ አብዛኛውን ጊዜ በምትጫወቱበት ሰዓት ይሁን፣ አውራ ጣት ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም።