የ55ቱ ወራሪዎች ጀርባ

እናቴ ጥልፍ ሲሰጧት መጀመሪያ ትገለብጠዋለች። ፊቱን የምታየው በኋላ ነው። ለወንድሜ ልደት የገዛሁትን ጥልፍ ሳሳያትም ያደረገችው ይህንኑ ነው። መነጽሯን አጠለቀች፣ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ይቺ ልጅ እያንዳንዱን ክሩን እየቆረጠች ነው የጀመረችው» አለችኝ።

ጥልፉ ላይ ያለው ስፔስ ኢንቬደርስ ነው። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ታይቶ ለተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የቪዲዮ ጌም። ተጫዋቹ ከጠፈር የሚመጡ ወራሪዎችን ከታች በመድፍ ይተኩሳል። ወራሪዎቹ በ5 ረድፍ፣ በየረድፉ 11 ሆነው ይወርዳሉ። በድምሩ 55 ናቸው። ይህን ጌም በእጅ ሥራ የሚያወጡ ብዙዎች ሦስት አራት ወራሪ ሠርተው ይበቃቸዋል። እኔም ያንን ነበር የጠበቅኩት። ይቺ ባለሙያ ግን 55ቱንም ጠልፋቸዋለች።

አሰላለፋቸውንም አልሳተችም። ከላይ አንድ ረድፍ ስኩዊድ የሚመስሉት አሉ። ቀጥሎ ሁለት ረድፍ ሸርጣን የሚመስሉት። ከታች ሁለት ረድፍ ኦክቶፐስ የሚመስሉት። ሸርጣኑ በጌሙ ውስጥ 11 ፒክስል (የስክሪን ምስል የሚሠራበት ትንሽ ካሬ ነጥብ) ወርድና 8 ፒክስል ቁመት አለው። ጨርቁ ላይ አንዱን መረጥኩና በመርፌ ጫፍ ቆጠርኩት። 11 በ8 ሆኖ አገኘሁት።

ለዚህ ዓይነት ምስል ከመስቀለኛ ጥልፍ የተሻለ ነገር ያለ አይመስለኝም። አንዷ መስቀል አንድ ፒክስል ናት። ጨርቁ ራሱ ካሬ በካሬ የተሸመነ ስለሆነ ምንም ማጠጋጋት፣ ምንም መገመት የለም። ነገሩ በሌላም በኩል እውነት ነው። ሱዛን ኬር እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ትንንሾቹን ምስሎች መንደፍ የጀመረችው በባለካሬ ወረቀት ላይ ነበር። ስክሪንና ጥልፍ ያን ያህል ይቀራረባሉ።

ጨርቁ አይዳ የሚባለው ነው፤ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው። ስለዚህ የወራሪዎቹ ሰልፍ ብቻ ወርዱ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ወራሪዎቹን ብቻ ስደምር ከ2,500 በላይ መስቀል አገኘሁ። እያንዳንዷ መስቀል ሁለት ስፌት ናት። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ መርፌ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

አሁን ወደ ጀርባው ልመለስ። ጨርቁ ጥቁር ነው፣ ወራሪዎቹ ነጭ። በጥቁር ጨርቅ ላይ በነጭ ክር መሥራት ዓይን ያደክማል፤ ቀዳዳው አይታይም። ሌላም ጣጣ አለው። አንዱን ወራሪ ጨርሰህ ክሩን ሳትቆርጥ በጀርባ ወደ ቀጣዩ ከጎተትከው፣ ያ ነጭ ክር በጨርቁ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ፊት ብልጭ ይላል። ጥቁሩ ሰማይ ላይ ግራጫ መስመር ያወጣል። ብዙ ሰው ድካሙን ለመቀነስ ይጎትተዋል። ይቺ ባለሙያ አልጎተተችም። ጀርባው ላይ 55 ለየብቻ የቆሙ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው ያሉት። የየአንዳንዱ ክር ጫፍ በራሱ ስፌት ሥር ገብቶ ተደብቋል። አንድም ቋጠሮ የለም። እናቴን ዝም ያሰኛት ይህ ነው።

ወንድሜ ደግሞ ያየው ሌላ ነገር ነው። ጥቅሉን ፈቶ ትንሽ ካፈጠጠ በኋላ «አንቺ፣ ነጭ ናቸው እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ታችኛው ብቻ ነው አረንጓዴ! በትክክል!» መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እሱ እንዳስረዳኝ፣ ጌሙ የወጣበት የድሮው ማሽን ስክሪን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር የሚያሳየው። ቀለሙ የመጣው ስክሪኑ ላይ ከተለጠፈ ባለቀለም ፕላስቲክ ነው። በታች በኩል አረንጓዴ ፕላስቲክ ስላለ መድፉና 4ቱ መከለያዎች አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። ጥልፉም ልክ እንደዚያ ነው። ሠልፉ ነጭ፣ መድፉና መከለያዎቹ አረንጓዴ። አንደኛው መከለያ ጥይት እንደበላው ጫፉ ተሸርፏል። ይህን እንድትጨምር ማንም አልጠየቃትም።

ከጥልፉ ጋር ከዚያችው ባለሙያ ፓክማን ከተባለው ሌላ የድሮ ጌም አሻንጉሊቶችም አዝዤ ነበር። በኪሮሽ የተሠሩ ናቸው። አንድ ቢጫ ፓክማንና በጌሙ የሚያሳድዱት አራቱ መናፍስት፣ ብሊንኪ፣ ፒንኪ፣ ኢንኪና ክላይድ። ሳዝዝ የጻፈችልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «መደርደሪያ ላይ ፓክማኑን በየት በኩል ነው የምታስቀምጪው?» የሚል ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ዕቃው ሲደርሰኝ ነው። በጌሙ የመናፍስቱ ዓይን የሚሄዱበትን አቅጣጫ ያያል። እሷም የየአንዳንዱን ዓይን በየጠባዩ አድርጋዋለች። ቀዩ ብሊንኪ በቀጥታ የሚያሳድደው ስለሆነ ፓክማኑ ላይ አፍጥጧል። ሮዟ ፒንኪ ፊት ለፊቱን ልትዘጋበት ስለምትሞክር ከእሱ አለፍ ያለ ቦታ ታያለች። ብርቱካናማው ክላይድ ሲቀርበው የሚሸሽ ነውና ፊቱን ወደ ሌላ አዙሯል። መደርደሪያው ላይ ስደረድራቸው አንድ ቅጽበት ከጌሙ ላይ የተቆረጠ መሰለ።

የኪሮሹ ሥራ ራሱ ጠንካራ ነው። በጠባብ መርፌ፣ ጥብቅ ብሎ የተሠራ። ብትጫነውም በስፌቶቹ መካከል ሙሌቱ አይታይም። እንዲህ ያለ ትንሽ አሻንጉሊት ላላ ብሎ ከተሠራ ነጩ ሙሌት በየቀዳዳው ይወጣና ያስጠላል።

ያልወደድኩትም አለ። ዓይኖቹ ከፌልት ጨርቅ ተቆርጠው በማስቲሽ ብቻ ነው የተለጠፉት። በሁለተኛው ሳምንት የኢንኪ አንዱ ዓይን ወደቀ። ያን ሁሉ ለአቅጣጫው የተጨነቀችበትን ዓይን ለምን በአራት ስፌት እንዳላሰረችው አልገባኝም፤ በጣም ቆጨኝ። ስነግራት ወዲያው ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ዓይን ከሰማያዊ ክር ጋር ላከችልኝ። ራሴ ሰፋሁት። የቀሩትንም ሰባት ሰፋኋቸው። ቤቱ ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ይህን ሳታደርጉ አትስጡ፤ የወደቀ ዓይን በቀላሉ አፍ ውስጥ ይገባል።

ጥልፉም ተጣጥፎ ነው የመጣው። መሃሉ ላይ ታጥፎ የቆየው መስመር ሦስተኛውን ረድፍ ሰንጥቆት ነበር። በፎጣ ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርጌ፣ በጀርባው እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌበት ካውያ አሳለፍኩበት። ሁለቴ ነው የፈጀብኝ። ተጠቅልሎ ቢላክ ይህ አይመጣም ነበር።

ከዚያው ሰሞን ከሌላ ሻጭ የዳይስ (ለጨዋታ የሚወረወር ባለቁጥር ጠጠር) መያዣ ከረጢት ለወንድሜ ገዝቼ ነበር። ስለ እሱ አጭር ነው የምለው። ስፌቱ ንጹሕ ነው፣ ገበሩ ጥሩ ነው፣ ገመዱም ይጠብቃል። ፊቱ ላይ ግን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጠልፎ 20 እና 1 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በተለመደው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተቃራኒ ገጾች ሲደመሩ 21 ይሆናሉ። የ20 ተቃራኒ 1 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሊታዩ አይችሉም። ከ20 አጠገብ ያሉት 2፣ 8 እና 14 ናቸው። ወንድሜ አመስግኖ ተቀበለኝ። ዳይሶቹን ግን አሁንም ድሮ በነበሩበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚያስቀምጣቸው። አልፈርድበትም።

እንዲህ ያለ ሥራ ልታዙ ካሰባችሁ የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም፤ ዕድለኛ ሆኜ ነው። ጥሩ የሠራ ሰው ጀርባውን ለማሳየት አያንገራግርም። ስለ ጌሙም አንድ ጥያቄ ጣል አድርጉ። ከመልሱ ሰውዬው የሚያውቀውን እየሠራ እንደሆነ ወይም ከሥዕል እየገለበጠ እንደሆነ ትረዳላችሁ። ጊዜም ስጡ። የእኔ 6 ሳምንት ፈጅቷል፤ የክሮቹን ጫፍ ካየሁ በኋላ በዛ አልልም።

ጥልፉ አሁን የወንድሜ የሥራ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ቆሞ ሲያየው አንድ ነገር እንደጎደለ ነገረኝ። በጌሙ አልፎ አልፎ በሰልፉ አናት ላይ እያለፈች የምትሄደዋ ሳሰር፣ ሳህን የምትመስለው የጠፈር መርከብ፣ የለችም። ለባለሙያዋ ጻፍኩላት። ለብቻዋ በትንሽ ክብ የእንጨት ፍሬም ልትሠራልኝ ተስማማች። ጨርቁ ጥቁር፣ ክሩ ቀይ እንዲሆን ተነጋግረናል። ተጠቅልሎ እንዲላክ ደግሞ አደራ ብያታለሁ።