የሩቅ ሞደምን ሲግናል ለመመዘን፦ ሲኤስኪው ወይስ ሲኢኤስኪው?

ጣርማበር ላይ ወይም ጀማ ሸለቆ ውስጥ የተተከለ የዝናብ መለኪያ መረጃ መላኩን ሲያቋርጥ፣ ከደብረ ብርሃን መኪና ከማስነሣት በፊት መረጃውን በሞባይል ኔትወርክ የሚልከውን ሞደም ከርቀት መጠየቅ ይቻላል።

«ኤቲ+ሲኤስኪው» የቆየና በአብዛኞቹ ሞደሞች የሚሠራ ትእዛዝ ሲሆን፣ ከ0 እስከ 31 ያለ ቁጥር ይመልሳል፤ 0 ማለት -113 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) ወይም ከዚያ በታች፣ 31 ደግሞ -51 ወይም ከዚያ በላይ ነው። 99 ከመጣ ልኬቱ አልታወቀም።

«ኤቲ+ሲኢኤስኪው» ግን በ4ጂ ላይ የሚያገለግለንን የሞባይል ማማ የሲግናል ኃይልና ጥራት፣ ማለትም አርኤስአርፒንና አርኤስአርኪውን፣ ለያይቶ ያሳያል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያው ትእዛዝ በአብዛኛው የሚነግረን አንቴናው የተቀበለውን ጠቅላላ ኃይል በመሆኑ፣ የሌሎች ማማዎች ሲግናልና ጫጫታ አብረው ይቆጠራሉ። እንደ ጣርማበር ባለ ከፍታ ላይ፣ ሞደሙ ብዙ ማማዎችን በአንድ ጊዜ ሲያይ፣ ቁጥሩ 25 ሆኖ ሳለ መረጃው ላያልፍ ይችላል። አርኤስአርኪው ወደ -19 ዴሲቤል መውረዱን ካየን፣ የሚበጀው ወደ አንድ ማማ የሚያነጣጥር አንቴና እንጂ ማጉያ አይደለም፤ ማጉያው ጫጫታውንም ያጎላዋልና።

ሸለቆው ውስጥ ሲግናሉ በተራራ ተጋርዶ በሚደክምበት ቦታ፣ ሁለቱም ትእዛዞች ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ። እኔ ለ4ጂ ሞደም ሁለተኛውን፣ ያውም በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ መጠየቁን እመርጣለሁ።