ለዚያች ነርስ፣ ከእማማና ከእኔ

ደሴ ያላችሁ፣ ከኩታበርም ከሐይቅም ለስኳር ክትትል ደሴ የምትመላለሱ፣ ይህን አንብቡልኝ። አንዲት ነርስ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሟን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። “ሥራዬን ነው የሠራሁት” ነው ያለችው። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እማማ ስኳር ከተገኘባት አምስት ዓመቷ ነው። ዓይነት ሁለት የሚባለው። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጉበቷ ላይ ስብ ታየ። በፊት የሄድንበት ቦታ የተነገራት አንድ ቃል ነበር፦ “ቀንሺ።” ያውም ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። በባጃጅ ስንመለስ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ወገቤን አመመኝ፣ እንግዳ አለብኝ ትል ጀመር። ክትትሉን ልትተወው ምንም አልቀራትም። “በልቼ ያመጣሁት ነው፣ ማንን ልውቀስ” ትላለች። ይህ አባባሏ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሰው ጠቁሞን ወደዚህች ነርስ ሄድን። ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። “አብሽሩ እማማ፣ ቀስ ብለን እናወራለን” አለቻት። ከዚያ ስለ ጎተራ ማውራት ጀመረች።

“ጎተራ ሲሞላ እህሉ የት ይሄዳል?” አለች። እማማ ኩታበር ነው ያደገችው። “ደጅ ይፈሳላ” አለች ወዲያው። ስብም እንደዚያው ነው አለቻት። ከቆዳ ሥር ያለው ማስቀመጫ መያዝ ሲያቅተው ትርፉ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሲጠራቀም፣ ስኳርን ከደም ወደ ህዋስ የሚያስገባው ኢንሱሊን ቢኖርም ሥራውን በደንብ አይሠራም። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል።

ቀጥላ ያለችው ነው እኔን ያስገረመኝ። የሰውነት ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሞራ አይመስላችሁ፣ መልዕክት ይልካል አለች። በፈረንጆቹ 1994 የተገኘው ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ከስብ ወጥቶ ለአንጎል “ስንቅ አለ” ብሎ የሚናገር ነው። ከመልዕክተኞቹ መካከል ደግሞ ራሳቸው ስብ የሆኑ አሉ። ሊፖካይን ይባላሉ። ከስብ ህዋስ ወጥተው በደም ተጉዘው ጡንቻንና ጉበትን ያናግራሉ።

እኔ ጥያቄ ስለማበዛ ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በ2008 ተመራማሪዎች ፓልሚቶሊኤት የተባለው የስብ ዓይነት አይጦች ላይ ጡንቻ ኢንሱሊንን እንዲሰማ፣ ጉበትም ስብ ማምረቱን እንዲቀንስ እንደሚያደርግ አሳዩ። በ2014 ሌላ የስብ ቤተሰብ ተገኘ፤ ኢንሱሊን የማይሰማቸው ሰዎች ዘንድ መጠኑ አነስተኛ ነው። በ2017 ደግሞ ብርድ ሲነካን የሚጨምር አንድ ሊፖካይን ታወቀ። ቡናማ ስብ የሚባለው፣ ሙቀት ለማመንጨት የሚቃጠለው፣ ከደም ስብ እየሳበ እንዲያነድ ያደርገዋል። ከዓመት በኋላ በ2018 ይኸው መልዕክተኛ ሰው ስፖርት ሲሠራም ደሙ ውስጥ እንደሚጨምር ታየ።

እማማ ይህን ስትሰማ “ታዲያ የደሴ ብርድ መድኃኒት ነው በይኛ!” አለች። ነርሷ ሳቀች፤ ግን አላለፈችውም። ብርድ ላይ መቀመጥ ሕክምና አይደለም፣ አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም፣ ፓልሚቶሊኤትም ሰው ላይ ሲጠና ውጤቱ የተለያየ ነው አለቻት። ስሙን ጠርቶ እንክብል የሚሸጥላችሁ ቢመጣ እንዳትገዙ፣ የስኳር መድኃኒቷን ሜትፎርሚኑንም ያለ ሐኪም እንዳታቋርጡ ብላ ደጋግማ ነገረችን። ይህን የምለው ለምን መሰላችሁ? ብዙ የሚያውቅ ሰው ብዙ ተስፋ መሸጥ ይቀለዋል። እሷ አልሸጠችልንም።

የሰጠችን ሥራ ቀላል ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ እርምጃ። ቡናው ይቀጥል፣ ስኳሩ ይቅር። ወገብን በወር አንዴ በሜትር መለካት። እንጀራውን አልከለከለችም፤ መጠኑን ቀንሳ ሽሮውንና ጎመኑን አበዛችላት።

እማማ ከሱብሒ በኋላ ከቧንቧ ውሃ ወደ ፒያሳ መራመድ ጀመረች። መጀመሪያ ሰው ያየኛል ብላ አፍራ ነበር። አሁን ሁለት ጎረቤቶቿ አብረዋት ይሄዳሉ። በአራተኛው ወር ወገቧ ስድስት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል፣ የጾም ስኳሯ ከ198 ወደ 142 ወርዷል። ጉበቷ ገና በድጋሚ አልታየም። ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው፦ “በልቼ ያመጣሁት” የምትለውን ትታለች። ሰውነቷ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ የሚነግራት ሰው አግኝታለች።

እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም ራሳችሁን የሚያስረዳ ሰው ካጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ እነግራችኋለሁ። የክትትል ካርዳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ከሄዳችሁ ሰው ስለማይበዛ ጊዜ ትሰጣችኋለች።

እህታለም፣ ይህ ከደረሰሽ፣ እማማ ሐሙስ ቀጠሮ አላት። ሽምብራ ቆልታ ልታመጣልሽ ነው። እንቢ እንዳትያት።